በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለተቀመጡ ሁለት ቁጥሮች

ይድረስ፦ ለተከበረው የፎርትራን ቋንቋ ደንብ አውጪ ኮሚቴ፣ በደንቡም መሠረት ኮምፓይለር ለሚሠሩ ክቡራን ባለሙያዎች፤ ያላችሁበት ድረስ።

ግልባጭ፦ ለሐይቅ ትራንስፖርት አደጋ አጣሪ ቦርድ፤ ለመሥሪያ ቤታችን ዳይሬክተር፤ በጀልባ ማረፊያው በር ላይ ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ።

ክቡራን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ወገባችሁ ረጅም ስብሰባ የሚችል፣ ዓይናችሁ ደቃቅ ፊደል የማይሰለቸው፣ እንቅልፋችሁም እስከ ዛሬ እንደነበረው ሁሉ ወደፊትም የማይረበሽ እንዲሆን ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት እገልጻለሁ። ስለ እኔ ብትጠይቁ ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ትከሻዬም ሙሉ ነው፤ ይህ ራሱ ከሚያሳፍሩኝ ነገሮች አንዱ መሆኑን ደብዳቤውን ስትጨርሱ ትረዱታላችሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ በማረፊያው በር የሚያልፉት ዓሣ ሻጩም ቲኬት ቆራጯም ያነቡታልና ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ። ፎርትራን መሐንዲሶችና የአየር ጠባይ አጥኚዎች ስሌታቸውን የሚጽፉበት፣ ዕድሜው ከብዙዎቻችን የሚበልጥ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። ኮምፓይለር ደግሞ እኛ የጻፍናቸውን ፋይሎች ተቀብሎ፣ አንድ ላይ ሰፍቶ፣ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚያዞር ፕሮግራም ነው። በዚህ ቋንቋ ውስጥ «የጋራ» የሚባል የማስታወሻ ሥፍራ አለ፤ በተለያዩ ሰዎች የተጻፉ ብዙ ፋይሎች እንደ አንድ የጋራ ሣጥን ይጠቀሙበታል። ማንኛውም ፋይል ሥራው ሲጀመር በሣጥኑ ውስጥ የሚገኘውን መነሻ ቁጥር መወሰን ይችላል። ጥያቄው፣ ሁለት ፋይሎች ለአንዱ ሣጥን ሁለት የተለያየ ቁጥር ቢሰጡ የትኛው ይቀመጣል የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የአንድ ሰው ትከሻ ሰብሯል፤ የሌላ ሰው ስም ደግሞ በመጪው ማክሰኞ ሊያጠፋ ነው። ከስብሰባችሁ የማናጥባችሁም በዚሁ ምክንያት ነው።

እኔ በሐይቅ ዳር ባለ መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ገጥሞ በማያውቅ ክፍል ውስጥ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ፕሮግራማችን በጣሪያችን ላይና በሐይቁ መሃል ከቆሙት ምሰሶዎች የነፋሱን ፍጥነት ይቀበልና የሚቀጥሉትን ሦስት ሰዓታት ይገምታል። ግምቱ «የነፋስ ጣሪያ» ብለን በምንጠራው ሣጥን ውስጥ ካለው ቁጥር ካነሰ በማረፊያው ሰሌዳ ላይ አረንጓዴ መብራት ይበራል፤ ከበለጠ ቀይ። ጀልባ ነጂዎች አረንጓዴ ሲያዩ ይነሣሉ፣ ቀይ ሲያዩ ገመዳቸውን አጥብቀው ይቀመጣሉ። ሥራችን በሙሉ ይኸው ነው።

እነሆ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ። ደንባችሁ፣ አንድ የጋራ ሣጥን ከአንድ ጊዜ በላይ መነሻ ቁጥር ሊሰጠው አይገባም ሲል በማያሻማ ቋንቋ ይከለክላል። ለዚህ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን ክልከላውን የጣሰ ሰው ሲገኝ ኮምፓይለሩ እንዲናገር የሚያስገድድ ቃል ልትጨምሩበት አልፈለጋችሁም። ኮምፓይለሩ ቢወድ ይናገራል፣ ባይወድ ዝም ይላል፣ በሁለቱም ደንብ አክባሪ ተብሎ ይመሰገናል። ጥፋትን የሚከለክል፣ ጥፋተኛን ግን የማያስከፋ፣ ይህን የመሰለ ጨዋ ሕግ በሌላ ሙያ አይቼ አላውቅም። እኔን በመሰለ ሰው ላይ ያሳያችሁትን ይህን እምነት ሳስበው አንገቴን እደፋለሁ፤ የምደፋው ግን በኩራት አይደለም።

ሁለተኛ። ዝም የሚሉት ኮምፓይለሮች እንኳ አንድ ዓይነት ዝምታ እንዲኖራቸው አላደረጋችሁም። በድሮው ማሽናችን ላይ የነበረው፣ ሁለት ቁጥር ሲያገኝ ቃል ሳይተነፍስ በፋይሎቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ የተሰለፈውን ያምናል። ሌላው የመጀመሪያውን ያምናል። አንድ ሥፍራ በሁለት ስም ተጠርቶ ቁጥሮቹ በከፊል ሲደራረቡ ደግሞ ከአንዱ ግማሽ፣ ከሌላውም ግማሽ ወስዶ ማንም ያልጻፈውን ቁጥር የሚያስቀምጥ እንዳለ በሙያው የቆዩ ነግረውኛል፤ ሁለቱንም ወገን እኩል በማስከፋት ይህን የሚያህል ሽምግልና የለም። ሥራ መሥራት እምቢ የሚልም አለ፤ ስለዚያኛው ባለጌ በአራተኛው ቁጥር እመለስበታለሁ። ይህ ሁሉ «እንደየሠሪው» ተብሎ መታለፉ የነፃነት ወዳድነታችሁ ምስክር ነው።

ሦስተኛ። በእናንተ ዝምታ ምክንያት እኛ ደብተር ለመስቀል ተገድደናል። ደብተሩን የሰቀሉት የክፍላችን አንጋፋ፣ ይህን ሥራ ከሀሁ ጀምረው ያስተማሩኝ ሴት ናቸው። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «እትዬ ደብተር» ይላቸዋል። ሲሰሙ አይቆጡም፤ እንዲያውም አንድ ቀን ስልክ አንሥተው «አቤት፣ ደብተር ነኝ» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ኮምፓይለሩ እንደማይጠብቀን ስለሚያውቁ የራሳችንን ሕግ አወጡልን። በበራችን ጀርባ፣ ምስማር ላይ፣ እርሳሱ በክር የታሰረለት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ተሰቀለ። ለማናቸውም የጋራ ሣጥን መነሻ ቁጥር የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ የሣጥኑን ስም፣ ቁጥሩንና ፊርማውን ይጽፋል፤ ሣጥኑ በሌላ ሰው ተይዞ ካገኘው ሄዶ ያነጋግረዋል። ቁጥሮቹም ሁሉ በአንድ ፋይል፣ በእሳቸው ፋይል ውስጥ ይሰበሰባሉ፤ ያ ፋይል የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ የድሮው ኮምፓይለር መጨረሻ የቆመውን ያምናልና። እኛ ታናናሾቹ አሾፍንበት። ለማስነጠስም ልንፈርም ነው ተባባልን። እሳቸው ግን ዕለት ዕለት ሲገቡ መነጽራቸውን አድርገው፣ ገጹን ገልጠው አይተው ነው የሚቀመጡት። «የነፋስ ጣሪያ» ለሚለው ሣጥን በደብተሩ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ በሰከንድ ዐሥራ አንድ ሜትር፣ ከጎኑ የእትዬ ፊርማ።

አሁን በደብተሩ ላይ ሳልጽፍ ስለሰጠሁት ቁጥር መናገር አለብኝ። ይህ ቅሬታ ስላልሆነ ቁጥር አልሰጠሁትም።

ዳይሬክተራችን አዲሱን የማረፊያ ሰሌዳ የሚጎበኙ እንግዶች እንደሚመጡ አስታወቁ፤ የሰሌዳው አምሳያ በስብሰባ አዳራሹ ተተከለ። እንግዶቹ በመጡበት ቀን ነፋሱ ዐሥራ አራት ሜትር ነበር፤ ሰሌዳው እንደ ልማዱ እውነቱን ከተናገረ ቀይ ሊያበራ ነው። ዳይሬክተሩ በጸሐፊያቸው በኩል፣ ሰዎቹ ቀይ መብራት ሊያዩ ያን ሁሉ መንገድ እንዳልመጡ አሳሰቡ። ቁጥር ቀይር ብሎ ያዘዘኝ ግን የለም፤ ማንም ሳይለምነኝ ዘልዬ የገባሁት እኔ ነኝ። የሰሌዳውን መብራቶች የሚያዘው ፋይል የእኔ ስለሆነ በዚያ ውስጥ ለ«የነፋስ ጣሪያ» አርባ የሚል መነሻ ቁጥር ጻፍኩ። ለዝግጅቱ ብቻ በሠራሁት ቅጂ ላይም ፋይሌን መጨረሻ አሰለፍኩት። አረንጓዴው በራ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ ዳይሬክተሩ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ በቃለ ጉባኤውም ላይ «በተሳካ ሁኔታ» ተብሎ ተጻፈ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ያችን አንዲት መስመር ማጥፋት የማስነጠስ ያህል ጊዜ አይፈጅም ነበር። አላጠፋኋትም። በእውነተኛው ፕሮግራም ፋይሌን ከዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩት፤ ኮምፓይለሩ መጨረሻ የቆመውን ስለሚያምን የእኔ አርባ ምንም ሳይጎዳ እዚያ ይተኛል፣ ሌላ እንግዳ ሲመጣም ቦታ መለዋወጥ ብቻ ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር ብልጠቴ ደስ አለኝ። በዚያ ሳምንት በደብተሩ አጠገብ ስንት ጊዜ ወጥቼ እንደገባሁ አልቆጠርኩም። ብጽፍ ኖሮ እትዬ በማግስቱ ጠዋት ያዩታል፣ ይጠሩኛል፣ እኔም አፍሬ አጠፋው ነበር። ያልጻፍኩት ለዚሁ ነው።

አራተኛ። ከስምንት ወር በኋላ አዲስ ማሽን መጣልን፣ አብሮትም አዲስ ኮምፓይለር። ማሽኑን የማስገባቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ዳይሬክተሩም ሰኞ ጠዋት ሥራ ይጀምራል ብለው ለበላይ ቃል ገብተው ነበር። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፋይሎቹን ብሰጠው ይህ አዲሱ እንደ ድሮው ሰው አክባሪ ሆኖ አልተገኘም። ሥራውን አቁሞ ዐሥራ ሰባት ስሞታ ደረደረብኝ። በእነዚህ በእነዚህ ፋይሎች ውስጥ አንዱ ሣጥን ሁለት ጊዜ ተሞልቷል፣ አልቀጥልም አለ። አስቡት ክቡራን፤ ደንቡ ተናገር ብሎ ያላስገደደውን ነገር አፉን ሞልቶ የሚናገር ኮምፓይለር! የመጀመሪያዎቹን ሦስት ስሞታዎች አነበብኩ። ከሌላ መሥሪያ ቤት ከወረስናቸው አሮጌ ፋይሎች የመጡ ነበሩ፤ ሁለቱም ወገን ያንኑ ቁጥር ስለሰጡ ጉዳት የላቸውም። የቀሩትም እንደዚያው ናቸው ብዬ ደመደምኩ።

ደግነቱ፣ ኮምፓይለር ሠሪዎች ሰው እንዳይጨናነቅ አስባችሁ አንዲት ትእዛዝ አዘጋጅታችኋል፦ ድርብርብ ብታገኝም እለፈው የምትል። ይህችን ትእዛዝ ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ። ጨመርኳት፤ ዐሥራ ሰባቱም ስሞታ ጭጭ አለ። አዲሱ ኮምፓይለር እለፍ ሲባል ግን እንደ ድሮው መጨረሻ የቆመውን አያምንም፤ መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል። መጀመሪያ የቆመው ደግሞ የእኔ ፋይል ነው። ከዚያች ዓርብ ጀምሮ የነፋስ ጣሪያችን አርባ ሆነ።

ሰሌዳው አምስት ሳምንት ያለ እንከን ሠራ፤ ምክንያቱም ነፋስ አልነበረም። በስድስተኛው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ ነፋሱ ዐሥራ ዘጠኝ ሜትር ደረሰ። ሰሌዳው አረንጓዴ እንዳበራ ቆመ። በጋም ክረምትም አንድ ካፖርት ስለማያወልቁ ሰዉ «ካፖርት» የሚላቸው ጀልባ ነጂ ሰባት ተሳፋሪ ይዘው ተነሡ። ማረፊያውን ገና ሳይርቁ ማዕበሉ ጀልባዋን መልሶ ከሲሚንቶው ግድግዳ ጋር አላተማት። ተሳፋሪዎቹ በሙሉ ወጡ፤ የወጡት ካፖርት ጀልባዋን በጀርባቸው ደግፈው ስለያዙላቸው ነው። የቀኝ ትከሻቸው በጀልባዋና በግድግዳው መካከል ደቀቀ። ሐኪሞቹ ክንዳቸው ከደረታቸው በላይ እንደማይነሣ ነግረዋቸዋል፤ መሪ የሚይዙት በዚያ ክንድ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን የማጽናኛ ደብዳቤ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ይሂድ ማለት እችል ነበር፤ እምቢ ማለቴ እንዳያስጠረጥረኝ ፈርቼ ሄድኩ። ለመድረሱ ፊርማ ያስፈልግ ስለነበር በግራ እጃቸው፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ብዙ ደክመው ፈረሙልኝ። ከዚያ ይቅርታ ጠየቁኝ። «ሰማዩ አላማረኝም ነበር ልጄ» አሉኝ። «ግን አረንጓዴ በርቷል። እናንተ ካላችሁ እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ተነሣሁ።» አይዞዎት አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ከአልጋቸው አጠገብ ቆሜ፣ አይዞዎት አልኩ።

አምስተኛ። ይህ ቅሬታ በእናንተ ላይ መሆኑ ቀርቷል፤ ቁጥሩን ግን ስለ ጀመርኩት ልጨርሰው።

አጣሪ ቦርዱ ሦስት የተከበሩ አባላት አሉት። ከሦስቱ ፎርትራን የሚያነብ የለም፤ ደብተር ግን ሁሉም ያነባሉ። ማሽኑ ውስጥ አርባ የሚል ቁጥር ተገኘ፤ ይህን ሣጥን ማን ነው የሚይዘው ብለው ጠየቁ፤ ደብተሩን ከምስማሩ አወረዱት። አንድ መስመር፣ አንድ ፊርማ፤ ደብተሩ ላይ ዐሥራ አንድ ጽፈው ማሽኑ ውስጥ አርባ ያስገቡት እሳቸው ናቸው ተባለ። ሥርዓት አክብረው የጻፉት ሴት ተገኙ፤ ሥርዓት ጥሶ ያልጻፈው ሰው ደግሞ ከቦርዱ ጎን ወንበር ተሰጥቶት የቴክኒክ ማብራሪያ እንዲሰጥ ተጋበዘ። ያ የተጋበዘው እኔ ነኝ። መነሻ ቁጥሮች በማን ፋይል እንደሚቀመጡ ጠየቁኝ፤ በአሠራራችን መሠረት በእትዬ ፋይል ነው አልኩ። በሣጥኑ ላይ ሌላ የፈረመ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ የለም አልኩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ከአፌ አንድም ሐሰት አልወጣም። ይህን ያህል እውነት ተናግሬ ይህን ያህል የዋሸሁበት ቀን የለም።

እትዬ ተራቸው ሲደርስ ተነሡ። አልተከራከሩም፣ ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። «ፊርማው የእኔ ነው» አሉ። «ደብተሩ ላይ ሌላ ሰው አልጻፈም።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ወደ ቦርዱ አልነበረም የሚያዩት። ፋይሎቹን ከፍተው እንዲመለከቱ ቢለምኑም ከሥራ የታገደ ሰው ወደ ማሽኑ ክፍል መግባት አይችልም ተባሉ። ይኸው ከታገዱ ዘጠኝ ሳምንት ሆናቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ዕቃቸውን በካርቶን አድርጌ ቤታቸው ወሰድኩላቸው፤ ሹራባቸውን፣ ነጠላ ጫማቸውን፣ ከመሳቢያቸው ያገኘሁትን ትርፍ መነጽር። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ስለ ቦርዱ አላነሡም፣ አላማረሩም፣ ካርቶኑንም ወዲያው አልተቀበሉኝም። እኔን እያዩ «አዲሱን ማሽን ስታስገባው አላስቸገረህም?» ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ሰው ቢሰማው ተራ የሥራ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ያስተማሩኝ ልጅ ነኝ፤ ምን እየጠየቁኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ በሩን ከፍተው እየጠበቁኝ መሆኑም ገብቶኛል። «ምንም አላስቸገረኝም፣ እትዬ» አልኳቸው። እሺ አሉ። ካርቶኑን ተቀበሉኝና መንገድ እንዳይመሽብኝ አሳሰቡኝ፤ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ከላይ በአራተኛው ቁጥር ሦስት ስሞታ ብቻ አነበብኩ ያልኳችሁም እውነት አይደለም። ዐሥራ ሰባቱንም አንብቤያለሁ። ዐሥራ አራተኛው ላይ የእትዬ ፋይልና የእኔ ፋይል ስማቸው ጎን ለጎን ተጽፎ ነበር። አየሁት። አርባ ትዝ አለኝ። ሰኞ ከሰዓት አስተካክለዋለሁ አልኩና እለፈው የምትለዋን ትእዛዝ ጨመርኩ። ሰኞ ከሰዓት ሁሉም እንኳን ደስ ያለህ ይለኝ ነበር፤ ማክሰኞ ሌላ ሥራ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ነፋስ ስላልነበረ ረሳሁት። እናንተን ለአምስት ገጽ ሙሉ ዝም ብላችኋል እያልኩ ስከስስ፣ የእኔ ኮምፓይለር ዝም አላለም። የሚቻለውን ያህል ጮኸልኝ፤ አፉን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባው፣ ሁለት ቁጥር ያየ ኮምፓይለር ሁሉ እንዲናገር የምታስገድድ አንዲት መስመር ቢጨምር ለብዙ ሰው ይጠቅማል። ለእኔ ግን አይጠቅመኝም፤ የእኔ ዓይነቱ ሰው ማለፊያ ቀዳዳ አያጣምና ስለ እኔ ብላችሁ እንዳትደክሙ።

ክቡር አጣሪ ቦርድ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በሚያደርገው ጉባኤ እትዬን ከሥራ ለማሰናበትና ከሙያው ለማገድ ያዘጋጀውን ውሳኔ ስሙን ብቻ ለውጦ እንዲያነበው እለምናለሁ፤ የቀረው ቃል በደንብ ስለተጻፈ መንካት አያስፈልገውም። የተከበሩት ዳይሬክተር ደግሞ «በተሳካ ሁኔታ» የሚለውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ለቦርዱ ቢልኩልኝ ውለታቸው አይረሳኝም። ከእሳቸው ጋር ጥፋት ለመካፈል ፈልጌ አይደለም፤ የእኔን ድርሻ የሚያህል ማንም የለውም። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ ውስጥ የዕለቱ ነፋስ ስንት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ በጽሑፍ ቢቀመጥ ደግ ነው።

እትዬን ይቅርታ ልጠይቅ በራቸው ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጄ ተመልሻለሁ። ይቅርታ የጠየቅኩ እንደሆነ ይቅር ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀለል ይለኝና ይህን ደብዳቤ ሳልጽፈው እቀራለሁ። ራሴን ስለማውቀው በቅድሚያ እሱን ጻፍኩ። ለካፖርት ማንበብ የሚችል ሰው ያነብላቸዋል ብዬ አንዱን ቅጂ ማረፊያው ላይ የምለጥፈው ነገ ጠዋት በገዛ እጄ ነው። በክንዳቸው ምትክ የምሰጣቸው ነገር የለኝም። ሰማዩን በትክክል አይተው እንደነበር፣ የተሳሳተው መብራቱ እንደሆነ፣ መብራቱንም ያሳሳተው ከአልጋቸው አጠገብ የቆመው ሰው እንደሆነ ብቻ ይወቁልኝ።

የእናንተን የዝምታ ጥበብ ከሩቅ ተምሮ ከአስተማሪዎቹ የበለጠ፣ ደብተር አጠገቡ ተሰቅሎ ያልጻፈ፣ ተጠይቆ እውነት እየተናገረ የዋሸ፣ በሚገባው ስም ተጠርቶ ለመቆም ዘጠኝ ሳምንት የፈጀበት፣

ታዛዣችሁ፣
የሰሌዳው ፋይል ጸሐፊ

በድጋሚ፦ ክቡር ቦርዱ ከላይ ያልኩትን ማጣራት ቢፈልግ ፎርትራን ማወቅ አያስፈልገውም። የእኔን ፋይል ከዝርዝሩ መጀመሪያ አድርጎ በአዲሱ ኮምፓይለር ማሰፋትና በሣጥኑ ያለውን ቁጥር ማየት፤ ከዚያ የእትዬን ፋይል መጀመሪያ አድርጎ እንደገና ማሰፋትና ማየት ነው። ሁለቱም ተደምረው አራት ደቂቃ ይወስዳሉ። ቦርዱ ዘጠኝ ሳምንት ስለወሰደበት አልፈርድበትም። እኔ ከአደጋው በማግስቱ፣ ከቀትር በፊት ሞክሬው፣ መጀመሪያ አርባን ቀጥሎም ዐሥራ አንድን በዓይኔ አይቼ፣ ማሽኑን አጥፍቼ ምሳ በላሁ።